ጠበል ያልነበረው ውኃ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 33 ነው። ለገሃር አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። የምኖረው ከእናቴ ጋር አራት ኪሎ ነው። በእግዚአብሔር አምናለሁ፤ ይህን አስቀድሜ የምጽፍልዎት ሰው ሁሉ ቀጥሎ የምናገረውን ሲሰማ ይህኛውን ስለሚረሳው ነው። ጠዋት ሳልጸልይ ከቤት አልወጣም፣ ማታም ሳላመሰግን አልተኛም። ነገር ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ። ወደ ሌላ ሃይማኖትም አልሄድኩም፣ የመሄድ ሐሳብም የለኝም። ስሙን በማልጠቅሰው ደብር ዐውደ ምሕረት ላይ ሰባኪው የጎረቤቶቻችንን እምነት ሲሳደብ ሕዝቡ በእልልታ ሲቀበለው ሰማሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ቆሜ ማስቀደስ አቃተኝ። አንዳንዱን ትምህርት በልቤ መቀበል ካቆምኩም ቆይቻለሁ።

እናቴ ይህን አታውቅም። ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤት አትወጣም። እሑድ እሑድ በማለዳ ነጠላዬን ተከናንቤ እወጣና ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብዬ የቅዳሴ መውጫ ሰዓት ሲደርስ እመለሳለሁ። ጠበል አምጪልኝ ብላ የምትሰጠኝን ሃይላንድ የምሞላው ከካፌው የእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ነው። ባለፈው እሑድ አማትባ ስትጠጣውና የተረፈውን ጉልበቷን ስትቀባበት አየኋት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የቀድሞ ሰፈራችን ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ጎረቤቶቻችን ተበትነዋል፣ የእናቴ የማርያም ማኅበርም አብሮ ቀርቷል። አሁን ከእኔ ሌላ ሰው የላትም።

ሃይማኖት ሳይኖረው በእግዚአብሔር የሚያምን ሰው መሆን ይቻላል? ለእናቴስ ምን ልበላት? ሳገባ፣ ስሞትስ እንዴት ልሆን ነው?
ሁለት ልብ ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የቆምኩበትን ቦታ ማወቅ ይገባሻል። እኔ የማስቀድስ፣ የንስሐ አባትም ያለኝ ሰው ነኝ። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ የመጀመሪያው ሐሳቤ ወደ ደብርሽ እንድትመለሺ መምከር ነበር፤ ደግሜ ሳነበው ግን አንቺ የጠየቅሽኝ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። የጻፈችልኝ እግዚአብሔርን የምትወድ፣ እናቷን ቀና ብላ ማየት ያቃታት ሴት ናት። የምመልሰውም ለእርሷ ነው።

ስለ ሰባኪው ረጅም ነገር አልጽፍም። የሰማሽው ስድብ ነው፣ ያሳመመሽም በሚገባ ነው። እኔም እንዲህ ያለውን እልልታ ሰምቼ አንገቴን ደፍቼ የቆምኩበት ቀን አለ፤ ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለ ቃሉ ግን ብዙ የምለው አለኝ፤ ግማሹ ጭንቀትሽ ከቃሉ የመጣ ይመስለኛል። ሃይማኖት፣ እምነት፣ አማኝ፣ አሜን፣ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። በግእዙ ሃይማኖት ማለት ማመኑ ራሱ ነው። በቅዳሴ ላይ የሚደገመው ጸሎተ ሃይማኖትም ስለ አጥርና ስለ አባልነት አያወራም፤ ምን እንደሚታመን ይናገራል። እንግዲህ አንቺ "ሃይማኖት የለኝም፣ በእግዚአብሔር ግን አምናለሁ" ስትዪ በእናትሽ ጆሮ የሚገባው "እምነት የለኝም፣ ግን አምናለሁ" የሚል ነገር ነው። ሁለቱ ስለማይገጥሙላት አንዱን ትይዛለች፣ የምትይዘውም አስፈሪውን ነው። በዚያ ላይ በአንቺ ዕድሜ ስገምት እናትሽ ወጣትነቷን ያሳለፈችው በደርግ ዘመን ነው። ለዚያ ትውልድ ሃይማኖት የለሽ ማለት በስብሰባ ላይ ቆሞ እግዚአብሔር የለም እያለ የሚያስተምር ካድሬ ነበር። ይህን ቃል እናትሽ ፊት አታንሺው። የአንቺን ነገር አይገልጸውም።

በእኛ አገር ይህን ጥያቄ የጠየቅሽ የመጀመሪያዋ ሰው አይደለሽም። ሐተታ በሚባለው የግእዝ ጽሑፍ ታሪኩን የሚነግረን ዘርዓ ያዕቆብ፣ ንጉሡን ሳይሆን የአክሱሙን ሰው ማለቴ ነው፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ካቶሊኩና ተዋሕዶው ሲፋጁ ነፍሱን ሊያድን ሸሽቶ ዋሻ ገባ። ይዞ የወጣው ጥቂት ወርቅና አንድ ዳዊት ነበር። ሁለት ዓመት በዋሻው ሲኖር፣ ሁሉም ወገን እውነቱ የእኔ ነው በሚልበት አገር ማን ይፈርዳል እያለ ፈጣሪውን ጠየቀ፤ ለሰው ሁሉ የተሰጠው ልቡና ይፈርዳል ወደሚል መልስም ደረሰ። ጽሑፉን በእርግጥ ማን እንደጻፈው ምሁራን ዛሬም ይከራከሩበታል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ የላከው አንድ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ስለነበር ደራሲውም እርሱ ራሱ ነው የሚሉ አሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ለዓመታት ተሟግተውለታል። ክርክሩን ለእነርሱ እንተወውና፣ እኔን ከታሪኩ ውስጥ የሚይዘኝ ዳዊቱ ነው። ከሁሉም ወገን የተለየው ሰው፣ በሁሉም ወገን የሚጸለይበትን መጽሐፍ ከእጁ አልጣለም። ኋላም እንፍራዝ ወርዶ ትዳር ይዞ ሲኖር ሰዎች እንደ ክርስቲያን ያዩት እንደነበር፣ በልቡ ግን ከፈጣሪ በቀር በሌላ እንደማያምን ይናገራል። እርሱም ሁለት ልብ ነበር። በእርሱ ዘመን ልብን ገልጦ መናገር አንገት ያስቆርጣል። በአንቺ ዘመን የሚያስከፍለው የእናትን እንባ ነው፤ ይህም ቀላል ዕዳ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ስለዚህ ይቻላል ወይ ላልሽው፣ ይቻላል፤ ኖረውበታልም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ሰው የመረጠውን "ሃይማኖት ወይም እምነት" የመያዝ መብት አለው ሲል እናትሽ አንድ አድርጋ የምትሰማቸውን ሁለት ቃላት ለያይቶ አስቀምጧቸዋል። የንስሐ አባቴ ይህን ቢያነቡ የሚሉኝን ግን አልደብቅሽም። የካርታጎው ቆጵርያኖስ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ቤተ ክርስቲያን እናት ያልሆነችው ሰው እግዚአብሔር አባት ሊሆነው አይችልም ብሎ ጽፏል፤ ብዙ አባቶች ዛሬም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። እኔ በእግዚአብሔርና በአንቺ መካከል ገብቼ የምፈርድበት ሥልጣን የለኝም። አንድ ቀን አንድ ደግ መምህር አግኝተሽ የከበዱሽን ትምህርቶች አንድ በአንድ ብትጠይቂው ግን ደስ ይለኛል። ሲሳደብ የሰማሽው አንድ ሰባኪ ነው፤ ተቀምጦ የሚሰማሽ መምህር ገና አላጋጠመሽም።

አሁን ወደ ውኃው ልምጣ። እንቅልፍ የነሳሽ እርሱ ነው፣ እኔንም ሁለት ቀን ያሳሰበኝ እርሱ ነው።

እናትሽ ሃይላንዱን ተቀብላ ክዳኑን ስትከፍት፣ ስታማትብ፣ ከመጠጣቷ በፊት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከደብዳቤሽ ውስጥ ታየኝ። ያ የከንፈር እንቅስቃሴ አንቺ ጠዋት ጠዋት ከምታደርጊው ጸሎት ምን ይለየዋል? የሚሄደውስ ወደ ማን ነው? በአንቺና በእግዚአብሔር መካከል የሰው ስድብ ቢገባ ከደብርሽ ወጥተሻል። በዚያች ደቂቃ በእናትሽና በእግዚአብሔር መካከል የገባሽው ግን አንቺ ነሽ፣ በቧንቧ ውኃ። ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል፤ ብተወው ግን ያልታከመ ቁስል ሸፍኜ መተው ይሆንብኛል።

ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ እውነተኛውን ጠበል ቅጂላት። ካፌው ካለበት አራዳ ጊዮርጊስ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ጠበል ከሚቀዱት ጋር ተሰለፊ። ከፊትሽ ቢጫ ጀሪካን የያዙ አሮጊት ይኖራሉ፣ ሆስፒታል ለተኛ ልጇ የምትቀዳ ሴት ትኖራለች፣ ሥራ እንዲገኝለት የተሳለ ጎረምሳ ይኖራል። በዚያ ሰልፍ ላይ ምን ያህል ታምኛለሽ ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው የለም። እያስመሰልኩ አይሆንም ወይ ትዪኝ ይሆናል። ጉልበቷን ያመማትን ሙስሊም ጎረቤቷን ደግፋ እስከ አንዋር መስጊድ በር ያደረሰች ክርስቲያን ሴት ሃይማኖቷን አልለወጠችም፤ ሰው ረዳች እንጂ። አንቺም የምትቀጂው እናትሽ ስለምታምንበት ነው፣ የአንቺ ድርሻ ያለችሽን ይዘሽ መምጣት ነው። ጉልበቷን ደግሞ ሐኪም ይየው፤ ጠበል መጠጣት ሐኪም ቤት ከመሄድ አያግድም።

እስከ ዛሬ የጠጣሽው የቧንቧ ነበር ብለሽ ትነግሪያት? እዚህ ላይ ሳመነታ ቆየሁ። ንገሪያት ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩት። ብትነግሪያት አንቺ ይቀልልሻል፣ እርሷ ግን ስንት እሑድ ያደረገችውን ጸሎት ሁሉ ወደ ኋላ ተመልሳ መቁጠር ትጀምራለች። ጸሎቷ ደርሷል ብዬ አምናለሁ፤ የውኃው ከየት መሆን የሚያግደው አይመስለኝም። ስለዚህ ይህን ሸክም አንቺ ያዢው። ከጠየቀችሽ ግን አትዋሺ። አንቺ አንሥተሽ የምትነግሪያት ግን ስለ ውኃው ሳይሆን ስለ ራስሽ ነው።

እንዴት እንደምትነግሪያት ደግሞ እንነጋገር። በጾም ፍቺ ቀን፣ በዓውደ ዓመት ወይም እንግዳ ባለበት አታድርጊው። ማታ ቡና ተጠጥቶ ረከቦቱ ሲነሣ፣ አጠገቧ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ። "እማዬ፣ እግዚአብሔርን አልተውኩም። ጠዋትም ማታም እጸልያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ማስቀደስ ግን ከብዶኛል፣ ስትልኪኝ እሄዳለሁ እያልኩ ሳልሄድ ቀርቻለሁ። ከአሁን በኋላ ልደብቅሽ አልፈልግም።" ከዚህ አትጨምሪ። የሰባኪውን ስድብ ከጠየቀችሽ ንገሪያት። የማትቀበያቸውን ትምህርቶች እየዘረዘርሽ ግን አትከራከሪያት፤ በዚህ ዕድሜዋ ከልጇ ጋር በነገረ መለኮት እንድትሟገት ማድረግ ጭካኔ ነው።

ታለቅሳለች። የንስሐ አባቷን ትጠራ ይሆናል፤ ሲመጡ ቡና አፍይላቸው፣ መስቀላቸውን መሳለም ካልከበደሽ ተሳለሚ፣ ከከበደሽ ደግሞ በአክብሮት እጅ ንሺ። ለቁልቢ ገብርኤል ትሳልብሽ ይሆናል፤ ተዪያት ትሳል። የእናት ስለት በልጇ ላይ የወጣ ክስ ሆኖ እንዳይሰማሽ። የምታውቀው ትልቁ የፍቅር ቋንቋ እርሱ ነው፣ የምትናገርበትም ስለ አንቺ ነው።

ያሳሰበኝ ሌላም ነገር አለ፣ አንቺ ግን አልጻፍሽውም። የምትጸልዪው ብቻሽን ነው።

አባቴ የሞተ ዕለት መጸለይ አቃተኝ። አፌን ብከፍት ቃል አልወጣ አለኝ፣ አቡነ ዘበሰማያት እንኳ ከመሐሉ ጠፋኝ። ቀሳውስቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ሰማሁ። እኔ ያልቻልኩትን ሌሎች በእኔ ፋንታ እየጸለዩልኝ ነበር። ጸሎተ ሃይማኖት የሚጀምረው "ነአምን" ብሎ ነው፤ እናምናለን። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ከጻፉት ጀምሮ በብዙ ቁጥር ነው የሚነገረው። ለእኔ ቤተ ክርስቲያን ማለት ከሁሉ በላይ ይህች "እናምናለን" ናት፤ እኔ በደከምኩበት ቀን ከጎኔ የቆመው ሰው ይዞልኝ ይቆያል። አንቺ የደከመሽ ዕለት ማን ይይዝልሻል?

ለዚህ መልስ ከቤትሽ ጀምረሽ ፈልጊ። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ እንደሚደገም እናትሽ ታውቃለች። ቅዳሴ መሄድ ያቃታትን እናትሽን በእሑድ ማለዳ ብቻዋን ትተሽ ካፌ ከምትቀመጪ፣ ጠበሉን ቀድተሽ ተመለሺና የዕለቱን ዳዊት ጮክ ብለሽ አንብቢላት። ዘርዓ ያዕቆብ ዋሻው ውስጥ ያልጣለውን መጽሐፍ አንቺም አትጥዪው። ለእርሷ ሃይማኖቷ ነው፣ ለአንቺም ከአምላክሽ ጋር የምትነጋገሪበት ቃል ይሆናል፤ የምትሰሚው ድምፅ ግን አንድ ነው። ከጓደኞችሽም መካከል እንዳንቺ ያለ አይጠፋም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ኦርቶዶክስ ተብሎ ተመዝግቧል፤ በልቡ እንዳንቺ የሆነው ሰውም በእናቱ ሃይማኖት ስም ተቆጥሮ እዚያው ውስጥ አለ። ቆጣሪ ደጅ ላይ ቆሞ የልብን አይጠይቅም።

ስለ ጋብቻና ስለ ቀብር አጭር ነው መልሴ። በ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል ሊፈጸም ይችላል፤ በሕግ ፊት ሦስቱም ጋብቻ ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ከሠርጉ በኋላ ነው፦ ልጅ ይወለዳል፣ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ሲሞላ ክርስትና ይነሣ የሚል አያት ይመጣል። ይህን ቀለበት ከማሰርሽ በፊት ከምታገቢው ሰው ጋር ጨርሺ። ቀብርን በተመለከተ ደብሮች በአብዛኛው የንስሐ አባትና የሰበካ ጉባኤ አባልነት ይጠይቃሉ፤ ያ ከሌለ የማዘጋጃ ቤት መቃብር አለ። ፈቃድሽን ጽፈሽ ለምታምኚው ሰው ስጪ። ዕድርሽን ግን በምንም ምክንያት አትተዪ፤ ድንኳን የሚተክለው፣ ሬሳ የሚሸከመው፣ ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ የሚያስተዛዝነው ጎረቤት የብዙ ሃይማኖት ሰው ነው። ለሌላው ለቅሶ ድረሺ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ደጅ ሄደሽ ቁሚ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከሁሉ በላይ እንድታደርጊው የምፈልገው እርሱን ነው። እናትሽ በ2016 ያጣችው ቤት ብቻ አልነበረም። በየወሩ በ21 ጽዋው ሲዞር ከእርሷ ጋር የሚቀመጡትን ሴቶች አጥታለች። አንዷ ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም ገብታ ይሆናል፣ ሌላዋ ልጇ ዘንድ ሄዳ ይሆናል፣ ጉልበት ለሚያማት ሴት ያ ሁሉ ሌላ አገር ነው። ጠበሉን አጥብቃ የያዘችው እንዲያ ሁሉ ነገር ከእጇ ስለወጣ ይመስለኛል። ማኅበሩን አንቺ ሰብስቢላት። በሚመጣው ወር 21 ቀን ድፎ ዳቦ ጋግሪ፣ ጠላ ጥመቂ፣ ታክሲ የማይመቻቸውን ሄደሽ አምጪያቸው። ዳቦውን ማን ይባርከው፣ ጽዋውን ማን ያዙረው ለሚለው አታስቢ፤ እነርሱ ሥርዓቱን ያውቁታል፣ የአንቺ ሥራ መቀመጫውን ማዘጋጀትና ውኃ ማቅረብ ነው። ስልካቸው በእናትሽ እጅ ይኖራል። ዛሬ ማታ ከሥራ ስትመለሺ የመጀመሪያዋን ቁጥር ተቀበያትና ደውዪላቸው።